ፔዳሉ ለጊታራችን፣ ጊታራችን ለቅኝታችን



ዛሬ የምንናገረው ስለ አንዲት ትንሽ ሣጥን ነው። ይህች ሣጥን በኤሌክትሪክ ጊታርና በአምፕሊፋየር መካከል ገብታ፣ በእግር ስትረገጥ ድምፁን የምታሻክር ወይም የምታስተጋባ ናት፤ ስሟም ፔዳል ይባላል። ስለ እርሷ መናገር ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከየኪሳችን ያዋጣነው ገንዘብ አንዷን ቢገዛ እንጂ ሁለተኛ አይደግምም። ሻጩም ያለው ከደብረ ታቦር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ ስለ ሆነ፣ «አልተስማማንምና መልስልን» ለማለት አይመችም።

ከመካከላችን አንዳንዱ «የሚጮኸው ይገዛ» ይላል፤ ሌላው ደግሞ አንድ ዝነኛ ፈረንጅ የተጫወተበትን ፔዳል ስም ይጠራል። ለመጀመሪያው የምንሰጠው መልስ አጭር ነው። እዚሁ አጠገባችን ጋፋት ላይ፣ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1867 ለዐፄ ቴዎድሮስ የተሠራው ሴባስቶፖል 70 ኩንታል ያህል ይመዝናልና፣ ጩኸት የሚፈልግ ሰው መቅደላ ወጥቶ እርሱን ያማክር። ለሁለተኛው ግን ረዘም ያለ መልስ ያስፈልጋል። ዝነኛው ሰው ፔዳሉን የመረጠው ለራሱ ጊታር ነው፤ የእኛ ጊታር ሌላ ነው።

በጊታሩ ክሮች ሥር ያለው ፒካፕ የሚባለው ነገር ማግኔትና በዙሪያው የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። ባለ አንድ ጥምጥም የሆነው ድምፁ ጥርት ያለና ቀጠን ያለ ሲሆን፣ የመብራቱን መሥመር ጉርምርምታ ግን አብሮ ይቀበላል። ጊብሰን የተባለው ፋብሪካ በ1950ዎቹ ያወጣው ሀምበከር ግን ሁለት ጥምጥሞችን በተቃራኒ አቅጣጫ አጣምሮ ጉርምርምታውን ያከሽፈዋል፤ ድምፁም ወፍራምና ኀይለኛ ነው።

የእኛ ጊታር ከፊተኛው ወገን ነው። እጅግ የሚያሻክር ዲስቶርሽን ብንገዛለት ጉርምርምታውንም አብሮ ያሳድግና፣ ዘፋኙ ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ ሁሉ መድረኩን የንብ ቀፎ ያደርገዋል። የሚስማማው ለስለስ ያለ ኦቨርድራይቭ፣ ይልቁንም መካከለኛውን ድምፅ ከፍ የሚያደርገው ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የወጣው የአይባኔዝ ቲዩብ ስክሪመርና እርሱን መስለው የተሠሩት ብዙ ርካሽ ፔዳሎች ይህ ጠባይ አላቸው። ይኸው ፔዳል ሀምበከር ላለው ጊታር ቢሰጥ ግን በወፈረው ላይ ውፍረት ይጨምርና፣ ጊታሩ ጋቢ ተከናንቦ እንደሚናገር ሰው ይታፈናል።

ከሁሉ የሚበልጠው የቅኝቱ ነገር ነው። ድምፅ ሲሻከር፣ አብረው የተመቱ ሁለት ድምፆች ተደባልቀው ያልተመቱ ሌሎች ድምፆችን ይወልዳሉ። በትዝታ ቅኝት ዶንና ሶልን አብረን ብንመታ የሚወለዱት ልጆች ተስማምተው ያድራሉ። በአንቺ ሆዬ ግን መነሻው ድምፅና ተከታዩ የሚለያዩት በግማሽ ድምፅ ብቻ ስለ ሆነ፣ አብረው ሲመቱ ጠብ ነው። እንግዲህ ፔዳሉ በተረገጠ ጊዜ አንድ በአንድ መምታት ይገባል። ይህን እንደ ጉድለት የሚቈጥር ቢኖር፣ መሲንቆ በአንዲት ክር ስንት ሠርግ እንዳስጨፈረች ያስታውስ። አምሃ ሬከርድስ በ1974 ባወጣው የሙላቱ አስታጥቄ «ኢትዮ ጃዝ» ሸክላ ውስጥ፣ «የከርሞ ሰው» ላይ የሻከረው ጊታር የሚሄደው በነጠላ ዜማ ነው። ጓደኞቻችን ይህን ደጋግመው ያድምጡ።

ዋ-ዋ የሚባለውን ፔዳል የሚወዱ አሉ፤ እኛም አንጠላውም፤ ነገር ግን ጊዜው ገና ነው። ሁለተኛ ገንዘብ ሲገኝ የምንመርጠው የሚያስተጋባውን ዲሌይ ነው፤ ምክንያቱም ለችክችካ ይጠቅማል። በደቂቃ 100 ታላላቅ ምቶች ብንቈጥር፣ አንዱ ምት 600 ሚሊሰከንድ ይሆናል፤ እያንዳንዱም ምት በሦስት ስለሚከፈል ክፍሉ 200 ነው። ዲሌዩን 400 ላይ ብናደርገው ማስተጋባቱ በሦስተኛው ክፍል ላይ ያርፋል፤ እንዲሁ በግምት ቢተው ግን እስክስታ ወራጁን ያደናቅፈዋል።

ፒዬዞ ፒካፕ የተለጠፈበት ክራር ያላቸው ጓደኞች ደግሞ፣ አስቀድሞ ቅድመ ማጉያ ካላገኙ ፔዳሉ ድምፃቸውን እንደሚያቀጥነው ይወቁ።

ስለ ኃይሉም አንድ ቃል። አብዛኞቹ ፔዳሎች 9 ቮልት ይበቃቸዋል። መብራት ሲጠፋ አምፕሊፋየሩም አብሮ ስለሚጠፋ፣ ባትሪው ከጨለማ አያድነንም፤ ነገር ግን ርካሽ አዳፕተር ከሚያመጣው ጉርምርምታ ያድናል። ኦቨርድራይቭ የሚበላው ጥቂት ስለ ሆነ አንድ ባትሪ ብዙ ምሽት ያገለግለዋል፤ ዲጂታሉ ዲሌይ ግን ቶሎ ይጨርሰዋል። ወደ ፋርጣም ሆነ ወደ እስቴ ሠርግ በጄኔሬተር ስንሄድ ይህ ይታሰብ።

የእኛ አሳብ እንግዲህ ይህ ነው፤ በተዋጣው ገንዘብ ኦቨርድራይቭ ይገዛ፤ የሚሄደውም ጓደኛ ጊታሩን ተሸክሞ ይሂድ፤ በሱቁ ውስጥ በሚገኘው ጊታር ሳይሆን በራሳችን ይሞክር፤ ትዝታንም አንቺ ሆዬንም ይምታበት። የተለየ አሳብ ያለው አሁን ይናገርና ድምፅ እንስጥበት።