እርሳስ የሌለበት ኩል

(በጸጉር ቤት ሥራ ላይ የተሰማራች አባላችን በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ ያቀረበችው ንግግር)



ስለ ሙሽራ ማስዋብ እንድናገር ነው የተጠየቅሁት። እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለኩል እሰጠዋለሁ። በዓለም ገናም ሆነ በሰበታ ጸጉር ቤት የምንሠራ ሴቶች ከሙሽሮች ደጋግመን የምንሰማው «እንደ ድሮዎቹ አድርጊኝ» የሚል ነው። ለሠርጉ ቀን ቬሎ ይለበሳል፤ ለመልሱና ለቅልቅሉ ግን የሀገር ልብስ፣ ካባ፣ ሹሩባ፣ እንሶስላና የተኳለ ዓይን ይፈለጋል። አንዷ የአያቷን ፎቶ ይዛ ትመጣለች። ሌላዋ በ1960ዎቹ የተነሣችውን የእናቷን፣ አፍሮዋን አበጥራ ዓይኗን አጉልታ። ሥራው ደስ ይላል፣ ገቢም አለው። ግን መልኩን ከድሮ ስንወስድ ዕቃውንም አብረን መውሰድ አለብን ወይ?

የሚያስቀኝ ነገር አለ። ልጆቹ ወደ ጆሮ ሳብ ያለ የዓይን መስመር በስልካቸው እያሳዩኝ «የፈረንጅ ድሮ» ይሉታል። ኤልሳቤጥ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣው «ክሊዮፓትራ» ፊልም የታየችበት ዓይነት ነው። ፈረንጆቹ ራሳቸው የቀዱት ከግብፅ ነው፤ ግብፆች ከሺህ ዓመታት በፊት ይኳሉ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ላይ ያሉትን ትልልቅ፣ በጥቁር የተከበቡ ዓይኖችም አስታውሱ። ለናሙና ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ኩል ከድንጋይ ይፈጫል። ብዙ ጊዜ ድንጋዩ ጋሌና የሚባለው፣ እርሳስና ድኝ የተዋሐዱበት ማዕድን ነው። ከሌላ ማዕድን ወይም ከጥላሸት የሚሠራም አለ፤ ዱቄቱን ዐይቶ መለየት ግን አይቻልም። በውጭ ሀገር ከተመረመሩ ኩሎች ውስጥ ከክብደታቸው ከግማሽ በላይ እርሳስ የሆኑ ተገኝተዋል፤ አሜሪካም ለመዋቢያ ቀለምነት አትፈቅደውም። እርሳስ ይበልጥ የሚጎዳው ፅንስንና ሕፃናትን ነው፤ የአእምሮ እድገታቸውን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት «ጉዳት የለውም» የሚባል መጠን አይታወቅም ይላል። ሕፃን ዓይኑን ያሻል፣ ጣቱን ይጠባል፤ በዚያ ይገባል። እንዲያምር ብላችሁ ጨቅላ ልጅ የምትኩሉ ካላችሁ፣ እባካችሁ ተዉት። ነፍሰ ጡር እህቶችም እንዲሁ።

ሁለተኛው ነገር መኳያው ነው። ድሮ አንድ መኳያ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ጎረቤት ይዞር ነበር። ሀገራችን ትራኮማ በዓለም ላይ እጅግ ከበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ትራኮማ በእጅ፣ በፎጣና በዝንብ ይተላለፋል። ከዓይን ወደ ዓይን የሚሄድ መኳያ ከፎጣ በምን ይሻላል? ለአራት ሚዜዎች አንድ ማስካራ የሚያዞር ጸጉር ቤትም ያው ነው፤ ዘመናዊ ስለሆነ አይድንም።

ባለፈው ጥር አንዲት ሙሽራ የአያቷን የቀንድ ኩል መያዣ ይዛ መጣች። አያቲቱም አብረው ነበሩ። «እኔም የተዳርኩት በዚህ ነው» አሉ። እንዲህ ሲባል እምቢ ማለት ይከብዳል። ዱቄቱን ሳንነካ መያዣውን ለፎቶ በእጇ አስያዝናት፤ ዓይኗን ግን በእርሳስ ኳልኋት። ይኼኛው እርሳስ በስም ብቻ ነው፤ ከሰምና ከቀለም የሚሠራው የዓይን እርሳስ ማለቴ ነው። አያቲቱ ቀረብ ብለው አዩና «ትንሽ ወፈር አድርጊው» አሉኝ። ልክ ነበሩ።

አሠራሩ ይኸውላችሁ። እርሳሱን ከእያንዳንዷ ደንበኛ በፊት ቅረጹት፣ መቅረጫውንም በአልኮል ጥረጉት። መስመሩን በሽፋሽፍቱ ሥር ከላይም ከታችም ከውጭ በኩል አስምሩ፤ ወደ ውስጥ አታስገቡት። ከዚያ በንጹሕ ጥጥ በስሱ አደብዝዙት። የድሮ ኩል ለስላሳ ነበር፤ በማስመሪያ የተሰመረ አይመስልም። ቅንድብ አትላጩ።

ከድሮዎቹ ሌላም የምንወስደው አለ። በእነዚያ ፎቶዎች ጠይሟ ጠይም፣ ጥቁሯ ጥቁር፣ ቀይ ዳማዋም ቀይ ዳማ ናት። ዛሬ ፋውንዴሽን ስንመርጥ አቅልተን ነው፤ በነጭ ቀሚስ ላይ ፊት ነጥቶ አንገት ሲጠቁር ፎቶው ያጋልጣል። ቀለሙን በእጅ ጀርባ ሳይሆን በመንጋጋ ላይ፣ ደጅ ወጥታችሁ በቀን ብርሃን ሞክሩት። ሠርግ ሲቃረብ ማቅያ ክሬም የሚጀምሩ ልጆች አሉ። ቱቦው ላይ ሜርኩሪ፣ ሃይድሮኪኖን ወይም ክሎቤታሶል የሚል ካያችሁ አስቀምጡት፤ ምንም ካልተጻፈበት የባሰ ነው። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል። ክሎቤታሶል ደግሞ ሐኪም ለቆዳ ሕመም የሚያዘው መድኃኒት ነው፤ ፊት ላይ ሲለመድ ቆዳ ያሳሳል። እኔ ደንበኛ ቢቀርብኝም አልቀባም።

እንሶስላ መሞቅ ግን ይቀጥል፤ ሴቶች ተሰብስበው የሚያወጉበት ከዚህ የተሻለ ምሽት አላውቅም። ቀለሙ ቀላ ያለ ነው። ቶሎ የሚጠቁረውን «ጥቁር ሂና» ተጠንቀቁ፤ ብዙ ጊዜ የጸጉር ቀለም ኬሚካል ይገባበታል፣ እጅ ያቆስላል። ከንፈርንም በእንሶስላው ቀለም ብታደርጉት ከጥቁር ዓይን ጋር ይሄዳል። ንቅሳትም በቅንድብ በኩል ተመልሷል፤ ለአንዷ የገባ መርፌ ለሌላዋ አይግባ፣ ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ በዚያ ይተላለፋሉ።

ደጋፊዎቻችን ምን እንደሚያስፈልገን ጠይቃችሁን ነበር። በዚህ ሥራ ላሉ አባሎቻችን አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት የማስካራ ብሩሽ፣ አልኮልና ጥጥ በጅምላ ቢገዛ፣ ከዚያ እየተጠቀምን ዋጋውን ለቁጠባችን እንመልሳለን። ትልቅ ገንዘብ አይደለም።

አሁን በተግባር ላሳያችሁ። አንዲት ጠይም ልጅ ትምጣልኝ፤ መስኮቱን ክፈቱት፣ መስታወቱንም አቀብሉኝ።