በጉድጓዱ አፍ ላይ የቆመው ሰው

ዛሬ ስለ ፊደልና ስለ ቁጥር አናወራም። የምናወራው ስለ ጉድጓድ ነው።

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለውን አገር በበጋ ያየ ሰው ያውቀዋል። ሜዳው ሁሉ ደርቆ ሳለ እዚህም እዚያም የሽንኩርት፣ የበርበሬና የድንች ማሳ ለምልሞ ይታያል። ላህ፣ ብር ወይም ፈታም አጠገቡ ያለ ገበሬ ከወንዙ ይጠልፋል። ከወንዝ የራቀው ግን ጉድጓድ ይቆፍራል። ይህ መልካም ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ያመርት የነበረው ሁለት ጊዜ ያመርታል። ነገር ግን ይኸው ጉድጓድ ሰው ይበላል። ሰው ሲሞትበትም «ጉድጓዱ ጋኔን አለበት» ወይም «ቀኑ ደርሶ ነው» ይባላል። ጋኔኑ ማን እንደ ሆነ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሞተሩን እንመልከት። የውኃ ሞተር ውኃውን ከታች ጎትቶ የሚያወጣው ይመስለናል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ልጅ በመቃ ውኃ ሲጠጣ በመቃው ውስጥ ያለውን አየር ይስባል፤ ከውጭ ያለው አየር ደግሞ ውኃውን ተጭኖ በመቃው ወደ ላይ ይገፋዋል። ሞተሩም የሚሠራው እንደዚሁ ነው። የአየር ጉልበት ግን ወሰን አለው። በባሕር ጠረፍ ውኃን ከ10 ሜትር በላይ አይገፋም። የእኛ አገር ከባሕር ወለል ከ1800 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለ ሆነ አየሩ ይሳሳል። ስለዚህ ከላይ የተቀመጠ ሞተር ምንም ቢበረታ ከ6 ሜትር ብዙም አልፎ አይስብም።

በጥቅምት ደህና ይስብ የነበረው ሞተር በመጋቢትና በሚያዝያ ውኃው ሲሸሽ እምቢ ይላል። ባለቤቱ ሞተሩ የተበላሸ ይመስለዋል። ኧረ አልተበላሸም! ውኃው ነው የራቀው። ታዲያ ሽንኩርቱ ሊደርቅ ነው፤ ዕዳም አለ። ሰውየው ምን ያደርጋል? በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ መደብ ቆርጦ ሞተሩን ወደ ውስጥ ያወርደዋል። ሞት የሚመጣው በዚህ በኩል ነው።

ሞተር ሲሠራ በሚተፋው ጢስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ አለ። መርዙ ለብቻው ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ደማችን ከአየር ተቀብሎ ለሰውነታችን የሚያደርሰው ኦክሲጅን ይባላል። ይህ መርዝ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይቀማል። ሰውየው ምን እንደ ነካው ሳያውቅ ራሱን ያዞረዋል፤ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ይወድቃል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም መርዙ ጉድጓዱ ውስጥ ይቆያል።

ይህን የምናገረው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ያደግሁት በቡሬ በኩል ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ታላቅ ወንድሜ ሞተሩን ሊያጠፋ ወደ ጉድጓዳችን ወረደ። እናታችን መጫኛ በብብቱ ሥር ካላሰርህ አትወርድም ብላ ተጣልታው ነበር። እሱም ሊያስደስታት ብሎ እየሳቀ አሰረ። ወርዶ ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ስጠራው አይመልስም። እኔ አንድ እግሬን አስገብቼ ልወርድ ስል አንድ ጎረቤታችን፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ከኋላ በጋቢዬ ጨምድደው ያዙኝ። «ሁለት ሬሳ ላወጣ ነው እንዴ? መጫኛውን ሳብ!» አሉኝ። ለሁለት ሳብነው፤ አልቻልነውም። ጮኸን ሌሎች ሁለት ሰዎች ደረሱና ለአራት ሆነን አወጣነው። ወንድሜ ዛሬ የልጆች አባት ነው። በዚያ ቀን እኔ ወርጄ ቢሆን ኖሮ ግን የሚስበው ሰው አይኖርም ነበር፤ እኔም ዛሬ እዚህ ቆሜ አላወራም።

በጉድጓድ አደጋ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ሰው፣ ሦስተኛውም ሰው የሚሞተው በዚህ መንገድ ነው። ወንድም ወንድሙን ሊያወጣ ይወርዳል፤ አባት ልጁን ሊያወጣ ይወርዳል። ወራጁን የሚገድለው ፍቅሩ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሰው ወድቆ ሲታይ ወደ ታች አይወረድም። የሚሳበው በገመድ ነው። ገመዱ ደግሞ አስቀድሞ ካልታሰረ በኋላ ማን ወርዶ ያስረዋል?

ኩራዝ አውርደን እንፈትሻለን የምትሉ አላችሁ። ኩራዙ ከጠፋ አየር የለም ማለት ነውና አትውረዱ። ካልጠፋ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም፤ የሞተር ጢስ መርዝ ባለበት ኩራዝ ሊበራ ይችላል። የቤንዚን ትነት ካለ ደግሞ እሳቱ ራሱ ያፈነዳል። የሚሻለው ሞተርን ከጉድጓድ ጨርሶ ማራቅ ነው። ውኃው ሲርቅ በባልዲና በመዘውር መቅዳት፣ አቅም ሲገኝም ውኃ ውስጥ ሰጥሞ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፓምፕ ለብዙ ሆኖ መግዛት ይቻላል። የተጎዳ ሰው ሲወጣ ነፋስ ወዳለበት ይወሰድና ሳይዘገይ ወደ ሕክምና ይሂድ፤ የሚያስፈልገው ኦክሲጅን ነው። ወተት አታጠጡት። ራሱን ለሳተ ሰው ወተት ማነቂያ ነው።

በቡሬ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክና ትልቁ የዘይት ፋብሪካ በ2013 ዓ.ም. ተመርቀዋል። ልጆቻችሁ እንዲህ ያለ ቦታ ሲቀጠሩ ሕግ አላቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ አደጋው እንዲያስተምርና መከላከያ እንዲሰጥ ያዛል፤ ሠራተኛውም ብልሽት ሲያይ ወዲያው እንዲናገር ያዛል። በደንብ በሚመራ ፋብሪካ ሰው ወደ ዝግ ጋን የሚገባው በጽሑፍ ተፈቅዶለት፣ አየሩ በመሣሪያ ተለክቶ፣ ከውጭ የሚጠብቀው ሰው ቆሞለት ነው። ያ ጠባቂ ትንባሆ ልግዛ ብሎ አይሄድም። በእኛ ጓሮ ግን ተቆጣጣሪ መጥቶ አያይልንም። ጠባቂው ጎረቤት ነው። የቀን ሠራተኛ ቀጥሮ የሚያስቆፍር ሰውም «ገንዘቡን ከፍዬዋለሁ» ብሎ ወደ ቤቱ መግባት የለበትም፤ ከአፉ ላይ መቆም አለበት።

ስለ መደርመስም አንድ ቃል ልጨምር። ቀይ አፈር ደህና ይቆማል፤ ዋልካ ግን ይሰነጠቃልና አትመኑት። የሚወጣውንም አፈር ከጉድጓዱ አፍ አርቁት። ክምሩ ጠርዙን ይጫነዋል፤ ድንጋዩም ተንከባሎ የቆፋሪውን ራስ ይመታል።

አሁን ወሬው ይብቃ። በሚቀጥለው እሁድ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ ጓሮ ባለው ጉድጓድ ላይ እንለማመዳለን። ሰው አናወርድም። የምናወርደው 60 ኪሎ አፈር የተሞላ ጆንያ ነው፤ አንድ ቀጭን ሰው ያህል ይሆናል። መጀመሪያ አንድ ሰው ብቻውን ይስበው፤ እናያለን። ከዚያ ለአራት ሆነን በመዘውር እንስበዋለን። የማይንሸራተት ቋጠሮ የሚያውቁ አባቶች ያስተምሩናል፤ እኔ እሱን አላውቅበትም። ሴቶችም ኑ፤ ወንዱ ጉድጓድ ውስጥ ሲሆን ቤት ያላችሁት እናንተ ናችሁ። መጫኛ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ያረጀውን ጭምር። ያረጀው የትኛው ላይ እንደሚበጠስ ጆንያው ያሳየናል።