በኮሮና ዘመን ከመጠጥ ስለ መጠበቅ
(ለማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል የቀረበ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ መጠጥ መነሣቱ ቅር የሚለው ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ባለፉት 10 ዓመታት ማኅበራችንን ከሁሉ የፈተነው የኮሮና ዘመን በመሆኑ፣ በየቤቱ ተሸፍኖ የቀረውን ጉዳይ ዘለን ማለፍ አይገባንም።

እ.ኤ.አ. ማርች 30 ቀን 2020 የሜሪላንድ፣ የቨርጂኒያና የዋሽንግተን ዲሲ ባለሥልጣናት ሕዝቡ ከቤቱ እንዳይወጣ አዘዙ። ታክሲው ቆመ፤ የመኪና ማቆሚያው ባዶ ሆነ፤ የሆቴል ሠራተኛው ቤቱ ዋለ። ለቅሶ እንኳ በስልክ ሆነ። የመጠጥ መሸጫው ግን ከአስፈላጊ ሥራዎች ተቆጥሮ ክፍት ነበር። ትዝብት ነው! በመላው አሜሪካ ከመጠጥ ጋር የተያያዘ ሞት በ2019 78,927 የነበረው በ2020 ወደ 99,017 አሻቀበ።

ቀድሞ ሰው ሲያበዛ ጓደኛው «በቃህ» ይለዋል፤ የመኪናውን ቁልፍ ይቀማዋል። በአንዲት ክፍል ብቻውን የተዘጋ ሰው ግን ይህን የሚለው የለም። የሥራ ሰዓት ስለሌለ ቀንና ሌሊቱ ይደባለቅበታል፤ እንቅልፍ እንዲያመጣለት የጀመረው ብርጭቆ ጠርሙስ ይሆናል። መጠጥ ደግሞ ቶሎ ቢያስተኛም ሌሊት ያባንናል፤ በማግሥቱ ጭንቀቱን ያብሳል።

በዚያን ጊዜ ያደረግነው ቀላል ነገር ነበር። ብቻቸውን የሚኖሩትን መዝግበን በየቀኑ ተራ እየገባን ደወልን። እሑድ እሑድ እያንዳንዳችን በየቤታችን ጀበና ጥደን፣ ስልኩን አጠገባችን አድርገን እስከ በረካ ተጫወትን። «ዛሬ ጠጣህ ወይ?» ብለን አልጠየቅንም፤ «ምሳ ምን በላህ? ስንት ሰዓት ተነሣህ?» እንል ነበር። ከመልሱ ብዙ ነገር ይታወቃል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። በ1935 መጠጥ የተወ ቢል ዊልሰን የተባለ የኒው ዮርክ ሰው ለሥራ ወደ አክሮን፣ ኦሃዮ ሄዶ ጉዳዩ አልሳካ አለው። የሆቴሉ መጠጥ ቤት ሲፈትነው ስልክ አንሥቶ ሌላ ጠጪ እንዲያገናኙት ጠየቀ። በዚህም ከሐኪሙ ቦብ ስሚዝ ጋር ተዋወቀ፤ ኤ.ኤ. የሚባለው የጠጪዎች መረዳጃ ከዚያ ተነሣ። በ2020 አዳራሾች ሲዘጉም የኤ.ኤ. ስብሰባዎች በስልክና በዙም ቀጠሉ።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንናገር። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው ድንገት ቢያቆም መንቀጥቀጥ፣ ቅዠት፣ አልፎም ራስን ስቶ መንዘፍዘፍ ሊመጣበት፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ «ወንድ ከሆንክ ዛሬውኑ ተወው» የሚለው የለመድነው ምክር ይቅር፤ ሐኪም ይማከር። መንዘፍዘፍ ከታየ 911 ይደወል። ተስፋ ለቆረጠም ከጁላይ 2022 ጀምሮ 988 አለ፤ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል።

ይህ ለወንዶች ብቻ የተነገረ አይደለም። ገመና እንዳይወጣ ብለው ዝም ያሉ እኅቶችም በመካከላችን አሉ።

የጥሪው መዝገብ ዛሬም አልተዘጋም። በመውጫው በኩል ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ሙሉ ስም መጻፍ አያስፈልግም፣ የስልክ ቁጥርና የሚመች ሰዓት ይበቃል።