ሜዳ አልባው ሻምፒዮን
የ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊግ የውድድር ዘመን እንደ ታሪክ ሲመዘን

ዛሬ የማቀርብላችሁ ሐሳብ አንድ ነው። የጎንደሩ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሳው የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ፣ «ወቅቱ አመቻቸለት» እየተባለ ሊቃለል አይገባውም፤ እንዲያውም በሊጉ ታሪክ እጅግ በከበደ ሁኔታ ከተገኙት ዋንጫዎች አንዱ ነው። ይህን ስል ጎንደር የአማራ ክልላችን ከተማ ስለሆነች አይደለም። ወገንተኝነት የሚፈተነው ማስረጃ ሲቀርብ ነውና ወደ ማስረጃው ልለፍ።

የ2012 ውድድር በኮሮና ምክንያት ያለ አሸናፊ ተሰርዟል። በቀጣዩ ዓመት ሊጉ ሲመለስ ክለቦች በየከተማቸው እየተቀባበሉ መጫወታቸው ቀርቶ ሁሉም አንድ ላይ ከከተማ ከተማ እንዲዘዋወሩ ተደረገ። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ በተራ አስተናገዱ። ተሳታፊዎቹ 13 ስለነበሩ በየጨዋታ ሳምንቱ አንድ ቡድን ያርፋል፤ እያንዳንዱ 24 ጨዋታ አደረገ። ቡድኖች ለሳምንታት ሆቴል ይቀመጣሉ፤ አንድ ሜዳ ሁሉንም ያስተናግዳል፤ ሣሩ ሳያገግም ሌላ ጨዋታ ይደገማል። በዚህ ሥርዓት የተጠቀመው ማን ነው? ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና አዲስ አበባ ላይ፣ አባ ጅፋር ጅማ ላይ፣ ባሕር ዳርና ድሬዳዋ ከነማ በየከተማቸው፣ ሐዋሳና ሲዳማ ቡና ደግሞ ሐዋሳ ላይ ቢያንስ የአንድ ዙር ያህል ቤታቸው ነበሩ። ጎንደር ግን ከአምስቱ ውስጥ የለችም። አፄ ፋሲለደስ ስታዲየም በሻምፒዮናው ዓመት አንድም የሊግ ጨዋታ ሳያስተናግድ፣ የአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ ቡድን፣ እነ ያሬድ ባየ፣ እነ ሙጂብ ቃሲም፣ ተከታዮቻቸውን በሰፊ የነጥብ ልዩነት ጥለው ጨረሱ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ጎል አግብቶ የዮርዳኖስ ዓባይን የ24 ጎል ክብረ ወሰን ሰብሯል። የሊጉ ኮከብ አጥቂ በተፎካካሪ ቡድን ውስጥ ሆኖ እንኳ ዋንጫው ወደ ጎንደር መሄዱ ነገሩ በአንድ ሰው እግር እንዳልተወሰነ ያሳያል።

የሚነሡት ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። ከሁሉም የሚከብደው የትግራይ ክለቦች መቅረት ነው። መቐለ 70 እንደርታ የ2011 ሻምፒዮን ነበር፤ ወልዋሎና ስሑል ሽረም ሊጉ ውስጥ ነበሩ። ጥቅምት 2013 ላይ ጦርነት ተቀሰቀሰና ሦስቱም ቀሩ። ይህ ክፍተት እውነተኛ ነው፤ በምንም ክርክር አይሞላም፤ ዋንጫውን የሚያወድስ ሰው ሁሉ ሊያነሣው ይገባል። ሆኖም የክፍተቱ ባለቤት ጦርነቱ ነው፤ በቀረበለት ተጋጣሚ ሁሉ ላይ የተጫወተውን ቡድን በሌሎች መቅረት መክሰስ አይቻልም። «ባሕር ዳር ለጎንደር ቅርብ ናት» የሚለው ሁለተኛው ነቀፋ ግን ብዙም አያቆይም። ቅርበት ቤት አይደለም፤ ባሕር ዳር የራሷ ክለብ አላት፣ እሱም በዚያው ሊግ ተፎካካሪ ነበር።

«እንዲያ ጠንካራ ከሆነ አፍሪካ ላይ ለምን ወዲያው ወደቀ?» የሚሉም አሉ። በሻምፒዮንስ ሊግ የገጠመው የሱዳኑ አል ሂላል ነው፤ በውድድሩ ልምድ ያለው ትልቅ ክለብ። ባሕር ዳር ላይ 2 ለ 2፣ ኦምዱርማን ላይ 1 ለ 1 ተለያዩ። ፋሲል አልተሸነፈም፤ የወጣው ከሜዳ ውጪ በተቆጠረ ጎል ሕግ ነው። በሊጉ ሜዳ አልባ ሆኖ ያሸነፈ ቡድን፣ ሜዳዬ ባለው ከተማ በተቆጠረበት ጎል መውደቁ የእግር ኳስ ነገር ሆኖ ነው እንጂ ስለ ሊጉ ድክመት አያስመሰክርም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከከተማ ከተማ የመዘዋወሩ ሥርዓት ለደረጃ ሰንጠረዡ ፍትሐዊ ሊሆን ይችላል፤ ለከተሞች ግን አይደለም፤ በ2014ም ቀጥሏል። ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ መተላለፋቸው ሊጉን እስከ ምሥራቅ ጎጃሟ ጉንደ ወይን አዳርሷል፤ ጥቅሙ አይካድም። ይሁንና የጎንደር ልጅ የከተማውን ሻምፒዮን ያየው የጉንደ ወይን ልጅ ባየበት መንገድ ነው፤ በስክሪን። ርቀት ያለያያቸው ሁለት ከተሞች እኩል ተመልካች ሆኑ፤ ግን የተስተካከሉት አንደኛዋ ስላገኘች ሳይሆን ሌላኛዋ ስላጣች ነው። ስለዚህ ስለ 2013 የሚጽፍ ሰው ሁለት መዝገብ መያዝ አለበት፤ ባንዱ የፋሲልን ነጥብ፣ በሌላው ዓመቱን ሙሉ ተዘግተው የዋሉትን የክለብ ሜዳዎች። የመጀመሪያው መዝገብ ተሟልቷል። ሁለተኛውን የጀመረ ግን አላየሁም።