የአበባው ጉንጉንና የገበሬው ድርሻ

(በዩኒየናችን የምስረታ በዓል ላይ ለአባል ማኅበራት ተወካዮች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የመሠረታዊ ማኅበራት ተወካዮች፣
የተከበራችሁ የሥራ አመራር ቦርድ አባላት፣
ክቡራን እንግዶች፣



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ገበያ ጥቂት እንድናገር ሲጋብዘኝ፣ ስለ ሽንኩርትና ስለ ቲማቲም ገበያ እናንተን ማስተማር ለቀባሪው ማርዳት እንደሚሆንብኝ አሰብኩ። ስለዚህ ራቅ ካለ አገር አንድ ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። ጉዳዩ በሕንድ አገር ሕዝቡ በሠርጉም በሐዘኑም ስለሚጠቀምበት የአበባ ጉንጉን፣ ይልቁንም ያንን አበባ ስለሚያመርተው ገበሬ ነው።

ለትምህርት በዴልሂ ከተማ በነበርኩበት ጊዜ የቤት አከራዬ የነበሩት የሂንዱ እምነት ተከታይ አዛውንት አንድ ሌሊት አረፉ። በእነርሱ ሥርዓት አስከሬን ይቃጠላል እንጂ አይቀበርም፤ የሚቃጠለውም ከተቻለ በዚያው ዕለት ነው። ስለዚህ ገና ሳይነጋ ልጃቸው እኔንና አንድ ጎረቤት አበባ እንድንገዛ ላከን። ጎረቤቱ ጥምጥም የሚያስር የሲክ እምነት ተከታይ ነበር። ከመንገድ ዳር የአበባ ሻጭ የተጠየቅነውን ዋጋ ከፍለን፣ ክንዳችን እስኪሞላ ተሸክመን ተመለስን። አልተከራከርንም። ለሠርግ የሚገዛ ሰው ይከራከራል፤ ለሞተ ሰው የሚገዛ ግን እንዴት አድርጎ ይከራከራል?

እኛ የአበባ ጉንጉን ስንል በሐውልት ሥር የሚቀመጠው ክቡ ነገር ነው የሚታየን። የእነርሱ ግን አበባው አንድ በአንድ በመርፌና በክር የተሰካ፣ በአንገት የሚጠለቅ ነው። አዛውንቱ ታጥበውና በነጭ ጨርቅ ተሸፍነው በቀርከሃ ቃሬዛ ላይ ተኝተው ነበር። የመጣው ለቀስተኛ ሁሉ ጉንጉኑን በላያቸው እያኖረ እጁን ለሰላምታ ያጋጥማል። ከቀናት በኋላ አመዱ ከአበባ ጋር ለጋንጀስ ወንዝ ተሰጠ። ፎቶግራፋቸው ግን በግድግዳው ላይ ጉንጉን ጠልቆለት ቀረ። ሙሽሮች በሠርጋቸው ዕለት ጉንጉን የሚለዋወጡት፣ እንግዳ የሚከበረው፣ የአምላክ ምስል የሚያጌጠውም በዚያው አበባ ነው።

የሲኩ ጎረቤቴ ደግሞ የእነርሱን ነገረኝ። በሲኮች ዘንድ ዋናው ጸሎቱ ነው፤ ከልክ ያለፈ ለቅሶና የሥርዓት ብዛት አይደገፍም። አስከሬኑ ታጥቦ፣ አምስቱ የእምነት ምልክቶች ተደርገውለት፣ ጸሎት ተደርሶ ይቃጠላል። ቢሆንም ቤተሰብና ወዳጅ አበባ ያኖርበታል። ከቃጠሎው በኋላ የሚለቀመውን አጥንትና አመድ «ፉል» ይሉታል። እኛ ፉል የምንለው ሌላ ነው፤ በእነርሱ ቋንቋ ቃሉ አበባ ማለት ነው። በሠርግ ቀን ደግሞ ሚልኒ በሚባለው ሥነ ሥርዓት የሁለቱ ቤተሰብ ወንዶች ተራ በተራ ጉንጉን ያጠላልቃሉ።

ክቡራትና ክቡራን፣

ለዚህ ሁሉ በብዛት የሚውለው አበባ ማሪጎልድ ይባላል። ብርቱካንማና ቢጫ ነው። በእንግሊዝኛ «የአፍሪካ ማሪጎልድ» የሚል ስም ቢሰጠውም የተገኘው ከሜክሲኮ አካባቢ ሲሆን፣ ወደ ሕንድ ያመጡት ፖርቱጋሎች ናቸው። በሜክሲኮም ሰዎች በየዓመቱ ኅዳር መጀመሪያ ላይ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ሙታናቸውን የሚያስቡት በዚሁ አበባ ነው።

ማሪጎልድ የተመረጠበት ምክንያት አለው። ራሱ በብዙ ትንንሽ አበቦች የታጨቀ ስለሆነ መርፌ ሲያልፍበት አይበተንም። ውኃ ሳያገኝ ከሌሎች አበቦች የተሻለ ይቆያል። ዋጋው ለድሃም አይከብድም። ለገበሬውም ሌላ ጥቅም አለው፤ ከቲማቲም ጋር እየተፈራረቀ ሲዘራ የቲማቲሙን ሥር የሚያጠቁ ጥቃቅን ትሎችን ይቀንሳል።

አሁን ወደ ገበያው ልውሰዳችሁ። ከለቅሶው በኋላ በዴልሂ ዳርቻ ወደሚገኘው ወደ ጋዚፑር የአበባ ገበያ ሄጄ ነበር። ገበያው የሚደምቀው ገና ሳይነጋ ነው። ገበሬው አበባውን በጆንያ አምጥቶ በኪሎ ይሸጣል። አበባው በክር ተሰክቶ ከመንገድ ዳር ሲደርስ ግን የሚሸጠው በጉንጉን ነው። በኪሎ በተሸጠውና በጉንጉን በተሸጠው መካከል ያለው ልዩነት ገበሬው ቤት አይገባም። አንዱን ገበሬ «ዋጋው ካልተስማማህ ለምን መልሰህ አትወስደውም?» አልኩት። ሳቀና «ነገ ይህ አበባ አይደለም» አለኝ። ይህን ቃል ቲማቲም ያመረተ ሁሉ ያውቀዋል።

ሌላው የአበባ ገበሬው ፈተና የቀን መቁጠሪያው ነው። ለዱሴራና ለዲዋሊ በዓላት፣ እንዲሁም ለሠርግ ወራት ዋጋው ይወጣል፤ በዓሉ ሲያልፍ ይወርዳል። ለሙታን መታሰቢያ በተለየው የሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ብዙ ሂንዱዎች ሠርግ አይደግሱም። ሞት ግን ወቅት የለውም። ሠርግ በማይደገስበት ጊዜም ቢሆን አበባ የሚፈልግ አንድ ቤት አይጠፋም።

ታዲያ ሁሉም ገበሬ በኪሎ ብቻ ይሸጣል ማለት አይደለም። በካልካታ ከተማ፣ በሃውራ ድልድይ አጠገብ ማሊክ ጋት የሚባል ታላቅ የአበባ ገበያ አለ። በዙሪያው ካሉ የገጠር ወረዳዎች የሚመጣው ማሪጎልድ ብዙው እዚያው መንደር ውስጥ፣ በገበሬው ቤተሰብ እጅ በክር ተሰክቶ ነው በባቡር የሚደርሰው። በደቡብ ሕንድ በኡዱፒ አካባቢ ደግሞ ጃስሚን የሚባለውን ነጭ አበባ የሚያለሙት ብዙዎቹ በጓሯቸው ጥቂት ተክል ብቻ ያላቸው ቤተሰቦች ናቸው። እንቡጡን ሳይፈነዳ በማለዳ ይለቅሙና በሙዝ ልጥ ራሳቸው ይጎነጉኑታል። ወደ 800 የሚጠጋ እንቡጥ አንድ «ቼንዱ»፣ አራት ቼንዱ ደግሞ አንድ «አቴ» ይባላል። የዕለቱ የአቴ ዋጋ በየቀኑ ስለሚነገር ሻጩም ገዢውም ያውቀዋል። መርፌና ክር የማያስፈልገው ይህ የጓሮ ሥራ ለቤት እመቤቶች የዕለት ገቢ ሆኗል። መስፈሪያው የታወቀ፣ ዋጋው የተነገረ ከሆነ አታላይ መግቢያ ቀዳዳው ይጠበዋል።

ነገሩን ግን ከልክ በላይ አላሳምረውም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ሕንድ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት እንቅስቃሴ ስታቆም ቤተ መቅደሶች ተዘጉ፣ ሠርጎች ቀሩ፣ ለቀብር ሥነ ሥርዓት ከ20 ሰው በላይ እንዳይሰበሰብ ተከለከለ። ሰው እየሞተ እንኳ ጉንጉን የሚያኖርለት ወዳጅ ሊደርስ አልቻለም። ገበሬዎች ያበበውን ማሳ ገልብጠው አረሱት፤ ለከብት የሰጡትም ነበሩ። በዚያን ጊዜ በኪሎ የሚሸጠውም በጉንጉን የሚሸጠውም እኩል ከሰረ። መጎንጎን ድርሻን ያሳድጋል እንጂ አበባን ከመጠውለግ አያድንም። ከመጠውለግ የሚያድነው ሁለተኛ መውጫ ነው። ማሪጎልድ ደርቆ ለቀለምና ለዶሮ መኖ ማቅለሚያ ይሆናል። በካንፑር ከተማ ደግሞ ከቤተ መቅደስ የሚወጣውን አበባ ወንዝ ውስጥ ከመጣል ሰብስበው ዕጣን የሚሠሩበት ሰዎች አሉ።

የተከበራችሁ አባላት፣

ማሪጎልድ እንዝራ ለማለት አልመጣሁም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጉባኤው ስለ መለያና ማሸጊያ መጋዘኑ ይወስናል። መጋዘኑ ይሠራ ከተባለ የዘንድሮው የትርፍ ክፍፍል ይቀራል። ክፍፍሉ ለብዙዎቻችን የክረምት ቀለብና የልጆች የትምህርት ቤት ወጪ መሆኑን አውቃለሁ፤ በቀላሉ የሚታለፍ ገንዘብ አይደለም። «ዘንድሮስ ይከፈለን» የሚለውን አባል ስስታም አልለውም።

የእኔ አስተያየት ግን መጋዘኑ ይሠራ የሚል ነው። በጆንያ አውርደን በደላላ ዋጋ እስከሸጥን ድረስ በጋዚፑር ያየሁትን ገበሬ ነን። ለይተን፣ መዝነን፣ አሽገን፣ ዋጋውን ለሁሉም አባል አስታውቀን ስንሸጥ የኡዱፒዋን ሴት እንሆናለን። ከመጋዘኑ ጎን ቲማቲም ማድረቂያ ቢታሰብበት ደግሞ መንገድ በተዘጋ ቀን ምርታችንን ለከብት አንሰጥም። ከክፍፍሉ ላይ እኩሌታው ዘንድሮ፣ እኩሌታው ለሥራው ይሁን የሚል ሐሳብ ቢቀርብም እደግፈዋለሁ።

ያን ማለዳ ለአከራዬ የገዛነው ጉንጉን ላይ የከፈልነው ገንዘብ አልቆጨኝም፤ ሰውዬው የሚገባቸው ነበሩ። የቆጨኝ አበባውን ያበቀለው ሰው ከዚያ ገንዘብ ያገኘው ጥቂት መሆኑ ነው።