በውኃ ላይ መጋደም፦ ስለ ዕረፍት ዘግይቶ የደረሰኝ ትምህርት



ለዛሬው ንግግር የመረጥሁት ርእስ ከመደበኛ የትምህርት መስኬ ወጣ ያለ ነው። ስለ ዕረፍት፣ በተለይም ውኃ ላይ ተንሳፍፎ ስለ ማረፍ እናገራለሁ። ወደዚህ ርእስ የመራኝ እንቅልፍ ማጣት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነቅቼ እስኪነጋ ድረስ ጣራ ጣራ ማየት ልማዴ ሆኖ ነበር። አንድ ቀን ለብዙ ዓመታት ያስተማርሁትን ንድፈ ሐሳብ ክፍል ውስጥ፣ ዐረፍተ ነገር መሐል ላይ ረሳሁት። ተማሪዎቼ በትሕትና ጠበቁኝ። ትሕትናቸው ከመርሳቴ ይልቅ አስደነገጠኝ።

የመረመረኝ ሐኪም በሽታ አላገኘብኝም፤ «ዕረፍት ያስፈልግዎታል» አለኝ። ዕረፍት በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ ልጠይቀው ምንም አልቀረኝም፤ ከክኒን በቀር መድኃኒት የማያውቅ ሰው ሆኜ ነበርና።

እንደምታውቁት የአርሲ ደጋ ስሙ የገነነው በሩጫ ነው። የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታመጣ፣ እኔ በወጣትነት ዕድሜ ላይ ነበርሁ። ዛሬም በማለዳ ከአሰላ ወጣ ስንል ልጆች በጭጋግ ውስጥ ሲሮጡ እናያለን፤ እናደንቃለንም። ነገር ግን ልምምዳቸውን ጨርሰው ሲተኙ የሚያያቸው የለም። አሠልጣኞች ዕረፍትን የልምምዱ አካል አድርገው ይቈጥሩታል። እኛ መምህራን ግን ከሯጮቹ የተማርነው ግማሹን፣ መሮጡን ብቻ ነው።

በዚያ ሰሞን ስለ «የመንሳፈፍ ሕክምና» ማንበብ ጀመርሁ። አሠራሩ ቀላል ነው። 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ገንዳ ውስጥ በመቶዎች የሚቈጠር ኪሎ ግራም ማግኒዥየም ሰልፌት፣ በተለምዶ የኤፕሰም ጨው የሚባለው፣ ይሟሟል። ውኃው ከሰው ቆዳ ሙቀት ጋር እንዲቀራረብ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይደረጋል። ጨው የበዛበት ውኃ ከሰው አካል ይልቅ እፍጋቱ ስለሚበልጥ፣ የተጋደመበት ሰው ያለ አንዳች ጥረት ይንሳፈፋል። ብርሃኑ ይጠፋል፤ ድምፅ ይታገዳል፤ ሰውዬው ለአንድ ሰዓት ያህል እንዲያ ይቈያል።

የሐሳቡ ታሪክ ለእኛ ለተመራማሪዎች ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በካናዳ፣ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ፣ ዶናልድ ሄብና ባልደረቦቹ ለተማሪዎች በቀን እየከፈሉ፣ ዐይናቸውንና እጃቸውን ሸፍነው አልጋ ላይ ያስተኟቸው ነበር። አብዛኞቹ ከጥቂት ቀናት በላይ አልታገሡም፤ የሌለ ነገር ያዩም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ በአሜሪካ ጆን ሊሊ የተባለ ሐኪም ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ራሱን አጥልቆ ሞከረው፤ ሁኔታውንም አስደሳች ሆኖ አገኘው። ሁለቱ ሙከራዎች በብዙ ነገር ይለያያሉ። እኔ ግን አንዱን ልዩነት አጥብቄ እይዛለሁ፦ ሊሊ ወደ ዝምታው የገባው ለክፍያ ብሎ ሳይሆን በገዛ ጉጉቱ ነው። ያው ጸጥታ ለአንዱ እስር፣ ለሌላው ዕረፍት ሊሆን ይችላል።

ሕክምናው ይሠራል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት፣ ከጭንቀትና ከውጥረት ጋር የተያያዘ ሕመም ያለባቸውን 50 ሰዎች ለአንድ ሰዓት አንሳፍፎ፣ ጭንቀታቸው ጉልህ በሆነ መጠን መቀነሱን ዘግቧል። ይሁን እንጂ የተለካው የአጭር ጊዜ ውጤት ነው። ከአንድ ሰዓት እፎይታ ተነሥቶ ስለ ፈውስ መናገር የሚቻል አይደለም።

ለሀገራችን ሐሳቡ ባዕድ አይደለም። በአፋር፣ የአፍዴራ ሐይቅ ጨዋማ ውኃ ዋና የማያውቀውን ሰው ሳይቀር ያንሳፍፋል። አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር፣ ዐፄ ምኒልክንና እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ብርድ ወደ ታች ከሳቧቸው ነገሮች አንዱ ፍል ውኃው ነበር። ለእኛ ለአሰላ ሰዎች ደግሞ ቅርባችን ሶደሬ ነው። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ከልጄ ጋር በጎንዴ፣ በኢተያና በዴራ አድርገን ወደ አዋሽ ዳር ወረድን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ዋና አልችልም። ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ሥር የሚያልፈው ወንዝ በአንድ ክረምት አብሮ አደጌን ወስዶታል። አስከሬኑን ሲያወጡ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ከጉልበቴ በላይ ወደሚደርስ ውኃ ገብቼ አላውቅም ነበር፤ ይህንንም ለልጄ እንኳ አልነገርኋትም።

ጥልቀት በሌለው በኩል ገብቼ በጀርባዬ ለመጋደም ሞከርሁ። አንገቴ ደነደነ፤ ወገቤ ታጠፈ፤ እግሬ ወደ ታች ሄደ፤ ውኃ በአፍንጫዬ ገባ። ደጋግሜ ሞከርሁ፤ ደጋግሜ ሰጠምሁ። ምክንያቱን ከአርኪሜዲስ ሕግ አውቀዋለሁ። ውኃ የሚሸከመው ውኃ ውስጥ ያለውን ነው፤ ስለዚህ በፍርሃት ከውኃው በላይ ያወጣሁት ራስ ሸክሙን በሌላው አካሌ ላይ ይጥላል። እንዳልሰጥም ብዬ የማደርገው ጥረት ነበር የሚያሰጥመኝ። ማወቄ ግን አንገቴን አላላላውም።

በመጨረሻ ልጄ መዳፏን ከጀርባዬ ሥር አድርጋ «አባዬ፣ አንገትህን ልቀቀው፤ ይዤሃለሁ» አለችኝ። ለቀቅሁት። ጆሮዎቼ ውኃ ውስጥ ገቡ፤ የሰዉ ጫጫታ ቀረ። የምሰማው የገዛ ትንፋሼንና የልቤን ምት ብቻ ሆነ። ምን ያህል እንደቈየሁ አላውቅም። ቀና ስል እጇን ከወሰደች መቈየቷን ነገረችኝ። ያን ጊዜ ስለ አብሮ አደጌ ነገርኋት፤ ከአርባ ዓመት በላይ ቈይቶ መሆኑ ነው።

በዚያ ሌሊት እስኪነጋ ተኛሁ ብላችሁ ደስ ባለኝ ነበር። እውነቱ ግን እንደ ወትሮው ስምንት ሰዓት ላይ ነቃሁ። ልዩነቱ፣ በአልጋዬም ላይ አንገቴ እንደ ደነደነ ማስተዋሌ ነው። እንቅልፍን በጉልበት ላመጣው እታገል ነበር ለካ። በቀጣዩ ወሰነ ትምህርት የማታ ኮርሱን ለባልደረባዬ አስረከብሁ፤ ሐኪሜንም መከታተል ቀጠልሁ። እንቅልፌ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ሶደሬ ፈወሰኝ አልልም፤ ሸክሜን የት ላይ እንደያዝሁት ግን አሳይቶኛል።

ውድ ተማሪዎች፤ ለፈተና ሳትተኙ ማደራችሁን እንደ ጀግንነት ስታወሩ እሰማለሁ። ያንን ቋንቋ ያስተማርናችሁ እኛው ነን፤ ስለዚህ ወቀሳው ከእኛ ይጀምራል። ጨዋማ ገንዳ ወይም ፍል ውኃ ፈልጉ ማለቴ አይደለም። የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው፦ እንቅልፍ ሲከዳችሁ ሳትዘገዩ ሐኪም አማክሩ፤ «ይዤሃለሁ» የሚላችሁ ሰው ሲኖር ደግሞ አንገታችሁን ልቀቁ። እኔ ይህን ለመማር ከሃምሳ ዓመት በላይ ፈጅቶብኛል።