ጠላቶች ሲታረቁ

አቅራቢ፦ መንግሥታት የጎረቤታቸውን አማፂ ለምን ያስጠልላሉ? «የጠላቴ ጠላት ወዳጄ ነው» ከሚል ስሌት ነው። ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም።

ሶማሊያ በ1969 ዓ.ም. ኦጋዴንን ከወረረች በኋላ የኢትዮጵያው መሪ መንግሥቱ ኃይለማርያምና የሶማሊያው መሪ ዚያድ ባሬ አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ ይረዳ ነበር። ዚያድ ባሬን የሚወጋው የሶማሊያ ብሔራዊ ንቅናቄ ጦር የሰፈረው ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር። መጋቢት 1980 ዓ.ም. ግን የመንግሥቱ ጦር ኤርትራ ውስጥ አፋቤት ላይ በአማፂያን ክፉኛ ተመታ። በምሥራቅ ድንበር የቆመው ሠራዊት ለሰሜን ተፈለገ። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ መሪዎች ታረቁ፤ አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ መርዳቱን ሊያቆምም ተስማሙ።

ቀጥሎ የሆነውን ልብ በሉልኝ። ንቅናቄው መጠጊያውን ሊያጣ መሆኑን ሲያይ ግንቦት ላይ የሰሜን ሶማሊያ ከተሞችን ቡርኦንና ሐርጌሳን አጠቃ። ዚያድ ባሬ የገዛ አገሩን ከተሞች በአውሮፕላንና በመድፍ አስደበደበ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ጠላትነቱም እርቁም በእነዚህ ሰዎች ሕይወት ላይ ሲወሰን ማንም አላማከራቸውም።

እርቁ ፈራሚዎቹንም አላቆያቸውም፤ የሁለቱም ዋና ባላጋራ አገር ውስጥ ነበርና። በ1983 ዓ.ም. ዚያድ ባሬ በጥር ከሞቃዲሾ፣ መንግሥቱ በግንቦት ከአዲስ አበባ ሸሹ።